ከአርዲቦ አጥር ሥር

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ አርዲቦ ጉሙን ገና አልጣለም። ከሐይቅ ከተማ ያመጣን ባጃጅ ተመልሶ ወርዷል፤ ድምፁ ከጆሯችን ሲጠፋ የውሃው ሽውታና ከማዶ መንደር የሚጠራሩ ሰዎች ድምፅ ብቻ ቀረ። አብሮኝ የመጣው የአካባቢው ልጅ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ለቢራቢሮ ብለው ነው ይህን ያህል የማለዱት? እሷ እኮ ፀሐይ ሳይሞቃት አትነሳም» አለኝ።

እውነቱን ነው። ልጁ ከብት ሲጠብቅ ያደገ በመሆኑ መጽሐፍ የሚለውን በዓይኑ አይቶታል። ቢራቢሮ የገላዋን ሙቀት የምታገኘው ከውጭ ነው። ክንፏን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ እስኪሞቅ መነሳት አትችልም፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች ገላቸው ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተጠጋ ደህና አድርገው አይበሩም። ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ክንፏን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ ድንጋይ ላይ የምትታየው። በደጋ አገር፣ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በጥቅምት፣ ይህ እስከ 3 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ወፍ እያየን ጠበቅን። ከፊላው ዳር ነጭና ጥቁር የተዥጎረጎረች ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ በአንድ ቦታ ቆማ ክንፏን አርገበገበች፤ ከዚያ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ገባች። ባዶ አፏን ወጣች፤ ደገመች፤ በሦስተኛው የብር ቀለም ያለው ነገር አፏ ላይ ይንፈራገጥ ነበር። ከበላያችን ካለው ማሳ ደግሞ ጉሮሯቸው ላይ ሥጋ የተንጠለጠለ፣ መንቁራቸው እንደ ማጭድ የቆለመመ ጥቋቁር ወፎች እየተንጫጩ ተነሱ። እነዚህ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የአገሬው ሰው ግን በየቀኑ ማሳው ላይ ሲለቅሙ ስለሚያያቸው ቀና ብሎም አያያቸው። ልጁም አላያቸውም፤ ዓይኑ ዓሣ አጥማጇ ላይ ነበር።

አርዲቦ በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ምድር፣ ከታላቅ ወንድሙ ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ተራራ መካከል የተቀመጠ ውሃ ነው። ስፋቱ ወደ 16 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ወደ 60 ሜትር ይደርሳል። ሐይቅ ይሰፋል፣ ይጠልቃልም፤ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱም ከ80 ሜትር ያልፋል። ከፍታው ግን የአርዲቦ ይበልጣል። ከአርዲቦ የሚወጣው ወንዝ ገደሉን ወርዶ ሐይቅ ውስጥ ይገባል፤ ሐይቅ ደግሞ ላይ ላዩን መውጫ የለውም። ሁለቱ ውሃዎች እንደ ላይኛውና እንደ ታችኛው ቤት ናቸው፤ ላይ የፈሰሰው ሁሉ ታች ይጠራቀማል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ የታችኛውን ከአውቶቡስ መስኮት ያየዋል። ስለ ታችኛው ብዙ ተጽፏል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚያ ነው፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። የላይኛው ግን ዝም ብሎ ይኖራል። እኔም የመጣሁት ለዚሁ ዝምታው ነው።

ወቅቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ትምህርት ቤት የፈረንጆቹን የአበባ ወቅት «ፀደይ» ብለን ተረጎምንና ጉዳዩ ተምታታ። በእኛ አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ በወሎ ይህ የበልጉ መጨረሻና የክረምቱ ዋዜማ ነው። የእኛ ምድር የምታብበው ግን ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም 26 በሚገባው መፀው ነው፤ ገበሬው ጥቢ ይለዋል። ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ብላ በማኅሌት ታከብራቸዋለች። ቢራቢሮም የምትከተለው ይህንኑ ነው። ክረምት ላይ የበቀለው ለምለም ቅጠል ትሏን አሳድጎ፣ በመስከረምና በጥቅምት ክንፍ አውጥታ ትወጣለች። በበልግ ዝናብ ወቅት ደግሞ፣ በለስ በቀናው ዓመት፣ ሁለተኛ ዙር አለ። ዓመቱን ሙሉ ቢራቢሮ ማየት የሚፈልግ ሰው ወሎን ይምረጥ የምለው ለዚህ ነው፤ ምድሩ ሁለት ጊዜ ያጠባል።

ፀሐይዋ ጉሙን በጥሳ ስትወጣ እንደ ታዘዘ ሁሉ ጀመሩ። መጀመሪያ ከአጥሩ ሥር ትንንሽ ሰማያዊዎች፣ ከጥፍር የማይበልጡ፣ ሣሩ ላይ እንደ ብልጭታ ተነሱ። ቀጥሎ ነጫጮቹ መጡ፤ ክንፋቸው ላይ ቡናማ ሥር የተሰመረባቸው። እነዚህ በጉመሮና በዘመዶቹ ቁጥቋጦዎች ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ በበዙበት ዓመት በሺዎች ሆነው በአንድ አቅጣጫ ሲነጉዱ ይታያሉ። ልጁ «እንደ ወረቀት ብጣሽ» አለ። እውነትም አንድ ሰው ከላይ ደብዳቤ ቀዶ የበተነው ይመስሉ ነበር።

ስማቸውን ጠየቅሁት። «ቢራቢሮ» አለኝ። የዚያችኛዋስ? «እሷም ቢራቢሮ።» ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ለበሬ ቀለም ዳልቻ፣ ቦራ፣ ቡሬ እያልን፣ ግንባሩ ላይ ነጥብ ያለውን ከሌለው ለይተን ስም ያወጣን ሕዝብ፣ ለቢራቢሮ አንድ ቃል ብቻ አለን። ልጁም ነገሩ ገብቶት ይሁን ጨዋታ ፈልጎ፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በከብት ስም ይጠራቸው ጀመር። ነጭና ጥቁር የተቀላቀለባት «ቡሬ»፣ አመድማዋ «ዳልቻ»፣ ክንፏ ጫፍ ላይ ነጭ ያለባት «ቦራ» ሆነች። ማስታወሻዬ ላይ እሱ ባለው ስም ጻፍኋቸው፤ ማታ ከመጽሐፍ ጋር ሳስተያይ አንዷንም ከሌላዋ አላምታታሁም።

ቦራ ያላት ብርቱካናማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ጠብታ ያለበት፣ ስትበር የማትቸኩል ናት። የማትቸኩልበት ምክንያት አላት። ትሏ የምትበላው ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ ፍሬው እንደ ፊኛ የሚነፋ ቁጥቋጦ ነው። ከብት አይነካውም፣ ወተቱ መርዝ አለውና። ትሏ ግን መርዙን በገላዋ አከማችታ፣ ክንፍ ካወጣች በኋላም ይዛው ትዞራለች። አንድ ጊዜ የቀመሳት ወፍ ተፍቶ፣ ሁለተኛ ያንን ቀለም አይነካም። ሌላ ዝርያ ደግሞ አለች፤ ምንም መርዝ የሌላት፣ ነገር ግን ሴቷ ቁርጥ ቦራን መስላ የምትበር። ባሏ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ክብ ነጥብ ያለበት ነው፤ አንድ ላይ ቢቆሙ ባልና ሚስት ናቸው የሚል የለም። ሴቷ እንቁላሏን ለመጣል ቅጠል ለቅጠል ስትዞር ለወፍ ዓይን ብዙ ትጋለጣለች፤ ጥበቃው የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

ከዚህ በኋላ ዓይኔን ከአበባው አንስቼ ቅጠሉ ላይ አደረግሁ። ቢራቢሮ የሚፈልግ ሰው አበባ ያያል፤ አበባ ላይ ግን እንግዳ ናት፣ ጠጥታ ትሄዳለች። ቤቷ ቅጠሉ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች ትላቸው ከተወሰነ የዕፅ ዘር በቀር ሌላ አትበላም፤ ያ ዕፅ ከሌለ አበባው ቢሞላም ቢራቢሮዋ የለችም። አርዲቦ ዳር ያለው አጥር እንግዲህ እንዲህ ይነበባል፦ ጉመሮ ካለ ነጫጮቹ አሉ፤ ኮሸሽላ ካለ ከሩቅ የምትመጣ መንገደኛ ቢራቢሮ ታርፋለች፤ ሎሚ ወይም ልምጭ ካለ ባለ ትልልቅ ክንፍ ቢራቢሮ በአካባቢው አለች። አጥሩ ውስጥ አጋምና ቀጋ፣ እምቧይና ክትክታ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጠላልፏል። ማንም አልተከለውም፤ ማንም አላጠጣውም፤ አውሬ እንዳይገባ ተብሎ ብቻ ተትቷል።

ሎሚውን ያገኘነው ከአንዲት እናት ግቢ ነው። ልጁ ከበሩ ሆኖ «አሰላሙ አለይኩም፣ እማማ!» ብሎ ተጣራ፤ «ወአለይኩሙ ሰላም፣ ግቡ ልጆቼ፣ ግቡ» አሉን። ምን ፈልገን እንደ መጣን ሲሰሙ ወደ ሎሚያቸው ወሰዱን፤ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ተቆርጥሟል። «ይሄ ትል ነው የጨረሰኝ። ስለቅም ነው የምውለው» አሉ። ልጁ አንድ ቅጠል ገልበጥ አደረገ፤ የወፍ ኩስ የመሰለ፣ ቡናማና ነጭ ነገር ተለጥፎበታል። «እሱ ኩስ ነው» አሉ እማማ። አልነበረም። ትንሿ ትል ነበረች፤ የዚህ ዝርያ ትል ሕፃን ሳለች የወፍ ኩስ መስላ ትቀመጣለች፣ ወፍ የገዛ ኩሱን አይበላምና። ስታድግ አረንጓዴ ትሆናለች። ልጁ አረንጓዴዋን ፈልጎ በሣር ጫፍ ነካ ሲያደርጋት ከጭንቅላቷ ኋላ ሁለት ብርቱካናማ ቀንድ ብቅ አለ፤ የሚከረፋ የበሰበሰ ፍራፍሬ ሽታ ግቢውን ሞላው። እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ «ቢስሚላህ! ሰይጣን ነው እንዴ?» አሉ። ይቺ ናት ቢጫና ጥቁር ሆና፣ መዳፍ የምታህል፣ ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጃቸው ያባርራት የነበረችው አልናቸው። ዝም ብለው አዩን። አላመኑንም።

ወደ ውሃው ስንመለስ ኮሸሽላው ላይ መንገደኛዋን አገኘናት። ብርቱካናማ፣ ጥቁርና ነጭ፣ የክንፏ ጠርዝ ተሸርፏል። ሳይንስ ቫኔሳ ካርዱይ ይላታል፤ ካርዱይ የኮሸሽላ ዘመዶች ከሚጠሩበት የላቲን ስም የመጣ ነው። አውሮፓውያን ለዘመናት በጋቸው ሲያልቅ የት እንደምትገባ አያውቁም ነበር። በብርዱ የምትሞት ይመስላቸው ነበር። ጀራርድ ታላቬራና ሮጀር ቪላ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 መፀው ላይ ሴኔጋልን፣ ቤኒንን፣ ቻድንና ኢትዮጵያን ዞረው ፈለጓትና ሰሐራን ተሻግራ፣ ከዝናቡ በኋላ በለመለመው ምድር ስትራባ አገኟት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ልጆቿ ሰሐራን መልሰው ተሻግረው በፈረንጆቹ የአበባ ወቅት መጀመሪያ በሜድትራኒያን ዳርቻ እንደሚሰፍሩ የሚያሳይ ጥናት ወጣ። የሄደችው ራሷ አትመለስም፤ ጉዞው በትውልድ ቅብብሎሽ ነው። እናት የጀመረችውን መንገድ የልጅ ልጅ ትጨርሰዋለች፤ መንገዱን ያሳየ የለም። የዚህችው ዝርያ መንጋ እ.ኤ.አ. በ2013 ከምዕራብ አፍሪካ ተነስቶ፣ በነፋስ ታግዞ፣ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ አትላንቲክን አቋርጦ ደቡብ አሜሪካ ማረፉም ታውቋል።

እጄን ዘርግቼ ስጠጋት አልሸሸችም። ክብደቷ ከአንድ ግራም በታች ነው። የተሸረፈ ክንፏን ሳይ የት የት እንደ ዋለች መጠየቅ አማረኝ። ይቺ ራሷ ሰሐራን ያቋረጠች ትሁን ወይስ እዚሁ ወሎ የተወለደች፣ ከክንፏ ማንበብ አይቻልም። ኮሸሽላው ግን ሁለቱንም ያስተናግዳል። ገበሬው ማሳው ውስጥ ሲያየው የሚነቅለው አረም፣ ለዚህች መንገደኛ የእንግዳ ማረፊያዋ ነው።

ከሰዓት በፊት ወደ ወንዙ ገደል ወረድን። የመጣሁበት አንዱ ምክንያት እዚያ ነበር። በጥላማ ገደል፣ ልምጭና ዘመዶቹ ባሉበት፣ የምትኖር ገርጣ ያለ ቢጫ፣ ኋላዋ ጅራት ያለው ቢራቢሮ አለች። በአብዛኛው አፍሪካ የዚህች ዝርያ ሴቶች ባሎቻቸውን አይመስሉም፤ ጅራት የላቸውም፣ በየአካባቢው ያሉ መርዛማ ቢራቢሮዎችን መስለው በብዙ መልክ ይወጣሉ። ለዝግመተ ለውጥ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ የመከራከሪያ ርዕስ ሆናለች። በኢትዮጵያ ግን አብዛኞቹ ሴቶች ጅራታቸውን እንደ ያዙ፣ ባሎቻቸውን መስለው ቀርተዋል። የእኛዋ ንዑስ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1883 በጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ ስም ተሰይማለች። አንቲኖሪ ምኒልክ በሰጡት ልጥ ማረፊያ፣ አንኮበር አጠገብ፣ ወፍና ነፍሳት ሲሰበስብ ኖሮ ከአንድ ዓመት በፊት እዚያው ሞቶ ነበር።

ሁለት ሰዓት ያህል ፈለግናት፤ አላየናትም። ገደሉ ውስጥ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ የቀረው ጥቂት ነው፤ ብሳና እዚህ፣ ሾላ እዚያ፣ ከዚያ በላይ ባሕር ዛፍ። ባሕር ዛፍ ለገበሬው ማገዶም ገንዘብም ነውና አልወቅሰውም። ለትል ግን ቅጠሉ ምግብ አይደለም፤ ከሥሩም ብዙ ነገር አይበቅልም።

እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያሰብሁት ስለ ሐይቆቹ ወለል ነው። ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ከሐይቅና ከአርዲቦ ወለል ጭቃ በቧንቧ ቀድተው፣ በየደረጃው የተቀበረውን የአበባ ብናኝ ቆጥረው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት አለ። ብናኝ በጭቃ ውስጥ አይበሰብስም፤ እያንዳንዱ ዛፍ የራሱ ቅርጽ ያለው ብናኝ አለውና በአጉሊ መነጽር ይለያል። ያገኙት የ3,000 ዓመት ታሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ያህል በፊት እነዚህ ተራሮች የዝግባና የጽድ ደን ነበሩ። ከዚያ ሰው መነጠረው፤ ክትክታና ሣር ቦታውን ያዙት። ለ1,800 ዓመታት ያህል እንዲያ ቆየ። ከዚያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ፣ ደኑ ተመለሰ፤ ጽዱ፣ ከጽዱ ጋር ወይራው። ባለፉት 300 ዓመታት እንደገና ተመነጠረ።

ይህን መጀመሪያ ያነበብሁ ጊዜ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አገራችን አንድ ጊዜ ደን ነበረች፣ ጠፋ የሚለውን ለቅሶ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የአርዲቦ ጭቃ ግን መመለሱንም መዝግቧል። ከተመነጠረው መሬት ላይ፣ ከክትክታው መሃል፣ ጽድ ወጣ። ዘሩ ከየት መጣ? ከገደል፣ ከገዳም፣ ከመቃብር ዳር፣ ሰው ሳይነካ ከተዋት ቁራሽ ቦታ መሆን አለበት። ወሎ እንዲህ ያሉ ቦታዎች ዛሬም አሏት፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ዛፎች፣ የየአድባሩ ዋርካ፣ የሙስሊሙ መቃብር ዳር ጽድና ወይራ። ቢራቢሮዎቹም የሚተርፉት እዚያና በአጥር ውስጥ ነው።

አጥሩ ግን እያለቀ ነው። በመንገዳችን የቆጠርሁት የሽቦ አጥር ከእሾሁ አጥር ይበዛል፤ ሽቦ ቦታ አይወስድም፣ አይታጨድም። ማሳው ላይ ደግሞ የፀረ ተባይ መርጫ ጀርባቸው ላይ ያዘሉ ሁለት ጎረምሶች አገኘን፤ ጫቱን ይረጩ ነበር። አፋቸውን የሸፈኑበት ነገር የለም። መርዙ ተባዩን ከሌላው አይለይም፤ ለቦራም፣ ለንቧም፣ ለልጆቹም ሳንባ ያው ነው። የአካባቢው ገበሬ ነፍሳትን ቢፈራ አልፈርድበትም፤ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በወሎ ቆላ የደረሰ ማሽላ ሲጨርስ ዓይኑ አይቷል። ማንም መጥቶ ትሉ የቱ እንደሚጎዳ፣ የቱ እንደማይጎዳ አላሳየውም። የግብርና ባለሙያ ስለ ተባይ ሲያስተምር ስለ ቀሪው አያስተምርም፤ ይህ መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከብቶቹ ውሃ በሚጠጡበት ጭቃ ላይ የቀኑን ትልቁን ነገር አየን። ሰኮና በረገጠው፣ ሽንትና እበት በተቀላቀለው እርጥብ መሬት ላይ ነጭ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ቢራቢሮ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ሰፍሯል። የሚጠጡት ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጨው ይፈልጋሉ። አበባ ውስጥ ስኳር እንጂ ጨው የለም። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፤ ያጠራቀሙትን ጨው ሲዳሩ ለሴቷ ያስተላልፉላታል፣ እሷም ለእንቁላሏ። ጥሎሽ ነው። ለልጁ ይህን ስነግረው ሳቀና፣ «እኛም አሞሌ እንሰጥ ነበር ይላሉ አባቴ» አለኝ። አንዲት ቦራ ጊደር ልትጠጣ ስትመጣ መንጋው በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ጊደሯ እስከ ሆዷ ቢራቢሮ ውስጥ ቆመች። ግንባሯ ላይ ነጩ ነጥብ፣ ዙሪያዋን ነጫጭ ክንፍ። ልጁ ዝም አለ። እኔም።

ወደ 9 ሰዓት ላይ ደመና መጣ፤ ሁሉም እንደ ጠዋቱ ጠፉ። ስንመለስ እማማ ከበር ቆመው ጠበቁን። ቡናው ተፈልቷል፤ «አብሽሩ፣ ሳትጠጡ አትሄዱም» አሉ። ሁለተኛውን ስኒ ሲቀዱ እግረ መንገዳቸውን ሎሚውን ዞር ብለው አዩ። አንዲቱ አረንጓዴ ትል ግንዱ ላይ ወጥታ፣ ወገቧን በቀጭን ድር ከቅርንጫፉ ጋር አስራ፣ መብላት አቁማ ነበር።

«ሞተች?» አሉ።

«አይ እማማ፣ ልብሷን ልትቀይር ነው» አለ ልጁ።

«ስንት ቀን ይፈጅባታል?»

ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንት አልናቸው። ረከቦቱ ላይ ስኒውን አስቀምጠው በጣታቸው ቆጠሩ። «እንግዲያ ሦስት ጁምዓ ነው» አሉ፤ የልጅ ልጃቸውንም ጠርተው ያቺን ቅርንጫፍ ማንም እንዳይነካ ነገሩት።